ከአራተኛው ጀምሪ

ባለፈው ቅዳሜ ሂሊያርድ ክርስትና ተጠርተን ስንመለስ የምትነዳው ልጄ ሶስና ነበረች። ሰሞኑን የድሮ ሮክ ይዟታል። በእኔ ወጣትነት ስሙ የገነነ የአንድ ባንድ ዘፋኝ አለ፤ አሁን ሽማግሌ ሆኗል። ከባንዱ ወጥቶ ብቻውን የሠራቸው አልበሞች ብዙ ስለሆኑ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቷት ነበር።

«ማሚ፣ ክርስትናው ላይ ጋሼ ሰለሞንን አስክ አደረግኳቸው» አለችኝ። «ከአራተኛው ጀምሪ አሉኝ። ካርቱም ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ የተሰማቸውን ሁሉ ነገሩኝ። እንባቸው መጣ እኮ! ሶ ሳድ።»

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። የታጨደ ሣር ሽታ ገባ። ሰለሞን ካርቱምን በካርታ ካልሆነ በቀር አይቶት አያውቅም። ያ ክፍል የእኔ ነው።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት፣ በረዶው በጨው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያገለገሉ የሙዚቃ ሸክላዎች የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ባለቤቱ ሬይ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ወሬ የማይወድ አሜሪካዊ ነበር። ሥራዬ ሰዎች ያመጡትን ሸክላ ከዳር እስከ ዳር ሰምቼ ጭረት ያለበትን ምልክት ማድረግ ነበር። እንግሊዝኛዬም ከዚያ የመጣ ነው። መርፌው ጭረት ላይ ሲያዝ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ይደጋግምልኛል፤ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የት ይገኛል?

አንድ ቀን አንድ ሰው የዚያን ዘፋኝ አልበሞች በካርቶን ሙሉ አመጣ። በተርታ ሰማኋቸው። የመጀመሪያው ቁጣ ነው፤ የተለያቸውን ጓደኞቹን የሚሰድብ ይመስላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በመሣሪያ የታጨቁ ናቸው፤ ብቻውን መሆን የፈራ ሰው ቤቱን በእንግዳ እንደሚሞላ። አራተኛው ላይ አንድ ጊታርና ድምፁ ብቻ ቀሩ። የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ሳይቀር ይሰማል። እጄ ላይ የያዝኩትን ሳንድዊች አስቀመጥኩ።

ካርቱም አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ሦስቱ ተራ በተራ ቪዛቸው መጣና ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። አራት ሆነን ስንበላው የነበረውን ፉል ለአንድ ሰው ብቻ መግዛት አሳፈረኝ። የሰው ድምፅ ስለናፈቀኝ ጮክ ብዬ ከራሴ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ያ ሸክላ ያንን ክፍል መልሶ አመጣብኝ፤ ግን ደግሞ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ነገረኝ።

ሰለሞን ያኔ ተማሪ ነበር፤ በስኮላርሺፕ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የመጣ። አርብ አርብ ሱቁ ይመጣል፣ ምሳችንን ተካፍለን እንበላለን። ስለ ሙዚቃ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። አሁን ምን ልደብቅ፣ እወደው ነበር። የተማሪዎቹ ሬዲዮ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ሲሰጠው ወደ እኔ ሮጠ።

«ሙሉዬ፣ እሱን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ከየትኛው ይጀመራል? ጻፊልኝ። አንቺ በአማርኛ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ። አብረን እናቀርበዋለን።»

ሦስት ሳምንት በደብተር ጻፍኩለት። ካርቱምንም ጻፍኩ፤ ለማንም ያላወራሁትን። ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው ስቱዲዮው ጠባብ መሆኑን፣ ለእሱ ብቻ እንደፈቀዱ ነገረኝ። «ስምሽን ግን እጠራለሁ» አለ።

በእሑዱ ፕሮግራሙን በሬዲዮ እንድንሰማ ሬይ ለዚሁ ብሎ ሱቁን ከፈተ። ያስጠጉኝ እትዬ አስካለ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አጠገባቸው ተቀምጬ የሰለሞንን ቃል እየተረጎምኩላቸው ነበር። ስለ አልበሞቹ ቅደም ተከተል ያለው ሁሉ የጻፍኩት ነው፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ካርቱም አንድ ክፍል ውስጥ ሳለሁ» አለ። «ጓደኞቼ ተራ በተራ ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ።»

መተርጎሙን አቆምኩ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

ነገርኳቸው።

«ታዲያ ካርቱም የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ፕሮግራሙ አለቀ፤ ስሜ አልተጠራም። እሳቸው ዳቦውን ሳይቆርሱ መልሰው ጠቀለሉት።

በማግስቱ በረዶውን እየረገጥኩ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ።

«ለምን?» አልኩት።

«ሙሉዬ፣ ‹አንዲት ልጅ እንዲህ አለችኝ› ብል ማን ልብ ይለዋል?»

«የኔ ኑሮ ነው እኮ!»

«አንቺ መቼም በሬዲዮ አታወሪው» አለኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም፤ ያልፈለግሁትን ጨርቅ እንደወሰደ ያህል ነበር የተናገረው። ደብተሬን እንዲመልስልኝ ብጠይቀው ጠፍቶብኛል አለ።

ፕሮግራሙ ስለተወደደለት በየሳምንቱ ሰዓት ሰጡት። አበሻው ሁሉ «የኛ ልጅ» እያለ ያወድሰው ጀመር። ሬይ ግን ሰለሞን ሲመጣ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ «ዝግ ነው» ይለው ነበር። እኔ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። የምቀና እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ኋላ ግሮቭፖርት ያለ መጋዘን ሥራ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ከሰለሞን ጋር በየሰርጉና በየለቅሶው እንገናኛለን፤ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን።

ይህን ሁሉ ለሶስና ነገርኳት። ነዳጅ ማደያ ጋ አቆመች።

«አር ዩ ሲሪየስ? ባት ማሚ፣ እያለቀሱ ነበር!»

«አውቃለሁ» አልኳት። አምናለሁም። ያን ታሪክ ይህን ያህል ዘመን ሲያወራው ኖሯል። አሁን የሚዋሽ አይመስለኝም፤ ያስታውሰዋል። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ነገሩ የማን እንደሆነ ያውቃል።

«እሺ አንቺ ንገሪኝ» አለች፣ ሞተሩን አጥፍታ። «ክፍሉ እንዴት ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ግድግዳውን፣ ጓደኞቼ ትተውልኝ የሄዱትን ሦስት ፍራሽ ልነግራት ፈለግሁ። ቀድሞ የመጣልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ዝግ ባለ በወንድ ድምፅ፣ ያኔ ከሬዲዮው እንደሰማሁት። እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ሶስናም አብራኝ ጠበቀች።