ይቅርታ የማያውቅ ጋዜጣ

ለጀማሪ ጋዜጠኞች የሙያውን ቃላት የሚያስተምረውን ሰውዬ የድሮ ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉታል። አርታኢ ሳለ የማይቆርጠው አልነበረም፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «አጠር አድርገው» ይላል እየተባለ ይታማ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ተማሪዎች ፊት ቆሞ «ምንጭ»፣ «ዓምድ»፣ «ርዕስ» እያለ ጠመኔ ይፈጫል።

አንድ ማክሰኞ «እርማት» ላይ ደረሰ። «ጋዜጣ ስህተቱን የሚያስተካክልበት አጭር ጽሑፍ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከይቅርታ በምን ይለያል?»

«ይቅርታ የጋዜጣ ቃል አይደለም።»

«የማን ቃል ነው ታዲያ?»

ክፍሉ ሳቀ። መቀስ አልሳቀም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሠራው ሥራ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

ያኔ አንድ ዘጋቢ ከትምህርት ቤት መጋዘን አራት ማይክሮስኮፖች ጠፉ የሚል ዜና አመጣ። ርዕሱ «በስርቆት የተጠረጠረው ንብረት ጠባቂ ተያዘ» ይላል። ሁለት ዓምድ ላይ አልገባ አለ። መቀስ «በስርቆት የተጠረጠረው» የሚለውን አውጥቶ «ሌባው» ብሎ ተካበት። ዘጠኝ ፊደል ተረፈ፤ ርዕሱ ልክክ አለ፤ ዋና አዘጋጁም «እጅህ ይባረክ» አለው። ፍርድ ቤት ለወራት የሚለፋበትን ጉዳይ እሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው።

ማይክሮስኮፖቹ በርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኙ፤ ራሱ ቆልፎባቸው ረስቷቸዋል። ጋዜጣው ጨዋ ነውና እርማት አወጣ፤ ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ በጠፋ ማኅተምና በሚሸጥ ጄኔሬተር መካከል፣ ጉንዳን እንኳ ያለ መነጽር በማታነበው ደቃቅ ፊደል።

ንብረት ጠባቂው ከእስር እንደተፈታ ያንን ገጽ አጣጥፎ ይዞ ቢሮ መጣ።

«ወንድሜ፣ እርማት ለፊደል ነው። እኔን ግን ይቅርታ በሉኝ፤ እዚያው ፊት ገጽ ላይ።»

«ጋሼ፣ ጋዜጣ ይቅርታ አይልም፤ ያርማል። አሠራራችን ነው።»

«ሌባ ማለትስ አሠራራችሁ ነው?»

መቀስ የተደወለለት መስሎ ስልኩን አነሳ። ስልኩ አልጮኸም ነበር። ሰውየው ይህንን አይቶ ወጣ። ያን ያልጮኸ ስልክ ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳሰበው የሚያውቀው መቀስ ብቻ ነው።

ከተማሪዋ ጥያቄ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ አንድ ገጽ ይቅርታ ጽፎ የሰውየውን ቤት አፈላልጎ አንኳኳ። አንዲት አሮጊት ከፈቱ፤ ሚስቱ ናቸው።

«ጋሼ አሉ?»

«ከሞተ ሁለት ዓመቱ። አንተ ማን ነህ?»

ነገራቸው። ወረቀቱንም ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«ያኔ ሌባ ያላችሁት በጆሮዬ አይደለም፤ ለአገር ነው የነገራችሁት። በል ውጣና መንገዱ ላይ ጮክ ብለህ አንብበው።»

ወጣና አነበበ። «ሌባ ያልነው ሰው ሌባ አልነበረም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ይበልጥ ከፍ አደረገ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ቆም ብላ ሰማችው። ሁለት ወጣቶችም ከጆሯቸው ማዳመጫቸውን አወጡ።

«ስለ ማን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«እዚህ ቤት ስለነበሩት ንብረት ጠባቂ።»

«አላውቃቸውም። እኛ እዚህ ሰፈር ተከራይተን ከገባን ገና ዓመታችን ነው።»

ወጣቶቹ ማዳመጫቸውን መልሰው ሄዱ። ያንን ዜና ያነበቡት ጎረቤቶች «ሌባው» የሚለውን ይዘው ወደየሰፈሩ ከተበተኑ ቆይተዋል።

መቀስ ወደ በሩ ዞረ።

«ሰሙኝ፣ እትዬ?»

«እኔማ ድሮም አውቅ ነበር» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።