ከስሟ በታች ያልተፈረመው ወረቀት

ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ የፋርማሲ ባለሙያዋን የሶረቲ ፈየራን የምክር ወረቀት ከበሽተኛው ካርድ ላይ ቀድዶ አወጣ። በዚህም ጉሉማ የተባለ የጉቴ አናጢ፣ ሕመሙ ካለበት ቦታ የሚደርስ መድኃኒት ሳያገኝ አራት ቀን ተኛ። የተደረገው ባለማወቅ አልነበረም፤ በቅናት ነበር።

ሶረቲ የዲጋ መምህር ልጅ ናት። ነቀምቴ ውስጥ በምንሠራበት ሆስፒታል ስትቀጠር ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ሥራዋ መድኃኒት ማደል ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ከእኛ ከሐኪሞች ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞረች የታዘዘው ለበሽታው ተገቢ መሆኑን ትመረምራለች። በሽተኞችን በኦሮምኛ ታጫውታለች፤ በአልጋ ቁጥር ሳይሆን በስማቸው ትጠራቸዋለች። እነሱም ከእኛ ይልቅ የሚጠብቁት እሷን ነበር። በዚህ እኔም ቀንቼባታለሁ። ቅናቴን ግን በበሽተኛ ላይ አልተወጣሁትም።

ጉሉማ የገባው በሐሞት ጠጠር ሳቢያ ቆሽቱ ተቆጥቶ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ አገረሸ፤ ሲቲ ስካኑም በሞተው የቆሽቱ ክፍል ውስጥ የአየር አረፋ አሳየ፤ ቁስሉ መመርቀዝ ጀምሯል ማለት ነው። ለቀዶ ሕክምና ገና ስለነበር ተስፋው ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሀብተጊዮርጊስ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን አዘዘ።

በማግስቱ ሶረቲ ወደ አልጋው ስትጠጋ የጉሉማ ሚስት ዘርፈሽ «አካም ቡልቴ፣ ሶረቲ ኮ!» — እንዴት አደርሽ፣ ሶረቲዬ — ብላ አቀፈቻት። ጉሉማ በደረቀ ከንፈሩ ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ዶክተሩ ሲገባ ትኩሳቴ ይወጣል፤ አንቺ ስትገቢ ይወርዳል።»

«ዝም በል አንተ! ሰምቶህ ሆድህን እንዳይከፍተው!» አለች ዘርፈሽ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሀብተጊዮርጊስ ከኋላችን ቆሞ ነበር። አልሳቀም።

ሶረቲ በዚያው ዕለት የጻፈችውን አንብቤዋለሁ። ጄንታማይሲን በደም ውስጥ በቂ ቢሆንም ወደ ቆሽት ዘልቆ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሜሮፔነም ግን ጀርሙን ለመግደል በሚበቃ መጠን እዚያው ቁስሉ ድረስ ይደርሳል ትላለች። ሜሮፔነም በመጋዘናችን መኖሩንም መዝግባለች።

ቅጹ የፋርማሲ ባለሙያዋን ስም ከላይ፣ የሐኪሙን ፊርማ ከታች ያስቀምጣል። ሐኪሙ ወይ ተቀብሎ ይፈርማል፣ ወይ የማይቀበልበትን ምክንያት ጽፎ ይፈርማል። ሀብተጊዮርጊስ የሚጽፈው ምክንያት አልነበረውም።

«ከስሟ በታች እኔ ልፈርም?» አለኝ በነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ። «ክኒን ቆጣሪ ናት እኮ!»

«የጻፈችው ስሕተት ነው?»

«እሱን አላልኩም» አለ። ወረቀቱን ቀድዶ በገዋኑ ኪስ ከተተው።

ወዲያው ለሶረቲ ነገርኳት። ደግማ ጻፈች፤ ሁለተኛውም ከካርዱ ጠፋ። ሄዳ በቃል ስትጠይቀው «አይቼዋለሁ» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። በአምስተኛው ቀን እሱ ለስብሰባ ወደ ቢላ ከተማ ሲሄድ ሜሮፔነሙን እኔ አዘዝኩ። አራት ቀን መዘግየት አልነበረብኝም፤ ይህም በእኔ ላይ ይመዝገብ። ጉሉማ በሰባተኛው ቀን ሞተ። መድኃኒቱ በጊዜው ቢሰጠው በእርግጥ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ዕድሉን የነጠቀው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

መድኃኒቱ ዘግይቶ መቀየሩን ያየችው ዘርፈሽ የባሏን ልብስ እያጠፈች «ሶረቲ ኮ፣ አንቺ እንኳን ምነው አንድ ነገር ብትናገሪ?» አለቻት።

«ጽፌ ነበር» አለች ሶረቲ።

ዘርፈሽ አላመነቻትም። ለማመንም የምታየው ወረቀት አልነበረም።

የሞቱን ምክንያት ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ሀብተጊዮርጊስ ከፋርማሲ በኩል አንድም ምክር እንዳልደረሰው ተናገረ። ካርዱ ተገለጠ፤ ምንም አልተገኘም። እኔ ያየሁትን ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በማስረጃ ያልተደገፈ» ተብሎ ተጻፈ። ሶረቲ ኃላፊነቷን ባለመወጣት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ከበሽተኞች ክፍል ተነሣች።

ከዚያ ወዲህ ለአስተዳደሩ ሦስት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ሦስቱም መልስ አላገኙም። ስምንት ወር አልፏል። ሀብተጊዮርጊስ ዛሬም የክፍሉ ኃላፊ ነው። ሶረቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትረከባለች። ከስብሰባው በኋላ በጉሉማ ካርድ ላይ የሰፈረውና እስካሁን የሚነበበው «ከፋርማሲ የተሰጠ ምክር የለም» የሚል ነው።