የልጄ ስልክና የጎረቤቴ ልጅ

የጎረቤቴ ልጅ ቡሬ ፋብሪካ ሥራ ገባች፤ የእኔዋ ቀረች። አብረው ተምረው በአንድ ቀን ነው ያመለከቱት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያች ልጅ ጠዋት የሥራ ልብሷን ለብሳ በደጄ ስታልፍ ፊቴን አዞር ነበር።

አመልካቾች ሁሉ በስልካቸው መተግበሪያ እንዲጭኑ ታዘው ነበር። የፋብሪካው ኮምፒውተር በዚያ መተግበሪያ ስልኩ የዋለበትን ቦታና የተደወለለትን ሰው አይቶ ልጄን «የማትረጋ» ብሎ ጣላት። ልጄ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መዋያ የላትም። የሚዞረው ስልኳ ነው። በሰፈራችን ስልክ መከልከል ነውር ነው፤ አንዱ ሽንዲ ገበያ ይዞት ይሄዳል፣ ሌላው ፈረስ ቤት ከተማ ለቅሶ። የጎረቤቴ ልጅ እንኳ የራሷን ስልክ እናቷ ሳጥን ውስጥ ስለምትቆልፍባት የምትደውለው በእኛው ነበር። የእሷ ስልክ ከሳጥን ስላልወጣ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ልጄን ይዤ ፍኖተ ሰላም ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

«እናቴ፣ ሕገ መንግሥቱ የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል» አለኝ። «ከማን ጋር እንደምታወራ ሰልሎ፣ እሷን ሳይሰማ መፍረድ አይገባም። ስልኩን ይዋሱ የነበሩ ሰዎች ይመስክሩልን።»

«የጎረቤቴን ልጅ ጻፍ» አልኩት ቶሎ ብዬ። «እሷም በዚሁ ነበር የምትደውል። ይወቁባት!»

ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

«የእሷስ የግል ሕይወት አይደለም? ወዳ ካልመጣች ስሟን አልጽፍም።»

አፈርኩ፤ ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። ለንስሐ አባቴ ብናገር፣ «ሂጂና ራስሽ ንገሪያት» አሉኝ።

ጎረቤቴ ምስር ስትለቅም ደረስኩ። የልጇን ስም ለጠበቃው ልሰጥባት እንደነበር ሳይቀር ነገርኳት።

«አንች! ለዚህ ነው ሰላምታ የነሳሽን?» ብላ ሳቀች። «እኔማ ጥርስሽን ያመመሽ መስሎኝ!»

ልጇ ሰምታ ኖሮ ከጓዳ ወጣች። ብትመሰክርልን ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል ነገርኳት። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ጠበቃው ዘንድ ሄዳ መሰከረች።

ጠበቃው ምስክርነቷን አያይዞ ቢጽፍለት፣ ፋብሪካው ልጄን ሰው ፊት ቀርባ እንድትጠየቅ ጠራት። ያችንም ልጅ የነካት የለም፤ ተመስገን። ቅናቴ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለች ልጅ ባሳደገችው እናቷ እቀና ጀመር።