ጋሽ ሾንጋ የጨረሰልን ፊልም

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ፣ ከአርባ ምንጭ መሆኑን አይቼ ፈገግ ብዬ ነው ያነሳሁት። "ጋሽ ሾንጋ ወደ ጌታ ሄደ" አለችኝ ደዋይዋ።

"የትኛው ሾንጋ?" አልኩ። እኔ የማውቀው ሾንጋ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ!

ባለፈው ሳምንት እኮ ደውሎልኝ ነበር። አዲስ ስላስተከለው ጥርስ እያወራኝ ሁለታችንም በሳቅ ስንፈርስ ነበር። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ሾንጋ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። የዛሬ ሰላሳ ዓመት ገደማ፣ ለማስተማር እዚያው ከተማ ሴቻ ሰፈር ተመድቤ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቅነው። ቅዳሜና እሁድ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ዴክና ጄኔሬተር በመኪና እየጫነ በየገጠሩ አጥቢያ መንፈሳዊ ፊልም ያሳያል። ፊልሞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። እኔ በጆሮው በአማርኛ ሹክ እለዋለሁ፣ እሱ ለሕዝቡ በጋሞኛ ያደርሳል።

መጀመሪያ ሰሞን "አንቱ" ስለው፣ "አንቱ ስትይ ፊልሙ ያመልጠናል፣ አሳጥሪው!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ሆነ።

ያደርሳል ስላችሁ ዝም ብሎ የሚተረጉም እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ሲናገር እሱም ይጎብጣል። በግ ስትጮህ እንኳን ይተረጉም ነበር! አሳዛኝ ቦታ ሲደርስ ደግሞ መሀረቡን አውጥቶ እጁን ያነሳል፦ "ቆዩ፣ መጀመሪያ እኔ ላልቅስ፣ ከዚያ እነግራችኋለሁ!" ሕዝቡ እንባውን እየጠረገ ይስቃል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ዶርዜ ወጣን። የቤተ ክርስቲያኑን መስኮቶች በቡሉኮ ሸፍነው አጨለሙልን። ፊልሙ አዲስ የመጣ ነው፣ እኔም እሱም አላየነውም። በረዶ የበዛበት ሀገር ሁለት ወንድማማቾች ይጣላሉ፣ ታናሽየው ቤቱን ጥሎ ይሄዳል።

ገና ከጅምሩ ሕዝቡ ጸጥ አለ። የአጥቢያው መጋቢ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "እኛም ጋ አሉ" አሉኝ። አንጁሎና ሳሙኤል የሚባሉ፣ የአንድ እናት ልጆች፣ ሁለቱም ሸማኔዎች። ከአባታቸው በቀረ የእንሰት ጓሮ ተጣልተው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። መጋቢው ለመኑ፣ አልሆነም። ታላቅየው አንጁሎ በር ጋ፣ ታናሽየው ሳሙኤል መድረኩ ጋ ተቀምጠው ያመልካሉ።

ፊልሙ ላይ ታናሽ ወንድምየው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ሻንጣውን አስቀመጠ። የወንድሙን በር አንኳኳ።

ልክ በሩ ሊከፈት ሲል ዴኩ ካሴቱን በላው!

ጩኸት ሆነ። "ከፈተለት ወይስ አልከፈተለትም?" ጋሽ ሾንጋ ዞሮ አየኝ። "እኔም አላውቅም" አልኩት።

ትንሽ አሰበና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። መድረኩን በጣቱ አንኳኳ። ታናሽየውን ሆኖ ተናገረ። ዞሮ ደግሞ ታላቅየውን ሆነ። ከዚያ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አንድ ነገር አለ። መጋቢው ተረጎሙልኝ፦ "በሩን ከዘጋሁብህ ቀን ጀምሮ እኔንም ብርዱ አልተወኝም። ግባ።"

በር ጋ የተቀመጠው አንጁሎ ተነሳ። ሊወጣ መሰለኝ። እሱ ግን በአግዳሚዎቹ መሀል ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሳሙኤል አጠገብ ቆመ።

"ጠጋ በል" አለው።

ሳሙኤል ጠጋ አለለት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። የታናሽየው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አንጁሎ ጋቢውን ለሁለታቸው ደረበው። እልልታው ያን ቆርቆሮ ጣሪያ ያነሳው መስሎኝ ነበር! እኔ ከማንም ብሼ አለቀስኩ።

ተመልሰን ስንወርድ ግን ጋሽ ሾንጋ ወደ እኔ ዞረ። "ዋሽቼ ይሆን እንዴ?" አለኝ። ሰንብቶ ካሴቱን ጠግኖ ሱቁ ውስጥ አብረን አየነው። በሩን የከፈተው ጎረቤት ነበር። ታላቅ ወንድምየው ከሞተ ቆይቷል።

ጋሽ ሾንጋ ደነገጠ። "በእግዚአብሔር ቤት የሌለ ነገር ተናግሬአለሁ። ሄጄ እውነቱን መናገር አለብኝ" አለ። "ይቅርብህ፣ እነዚያ ሰዎች ተመልሰው ቢጣሉስ?" አልኩት። ፈርቼ ነበር። "እኔም ፈርቻለሁ፣ ግን በውሸት የታረቀ ሰው ታርቋል ይባላል?" አለኝ።

ሄድን። ሕዝቡ ፊት ቆሞ ተናዘዘ። "ያን ቀን የነገርኳችሁ ፊልሙ ላይ የለም፣ ከራሴ ነው። ይቅርታ።" ከዚያ እውነተኛውን መጨረሻ አሳየ። ሲያልቅ አንጁሎንና ሳሙኤልን በዓይኔ ፈለግኳቸው። አንድ አግዳሚ ላይ ነበሩ።

አንጁሎ ተነሳና በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ እንዲህ አለ፦ "ጋሽ ሾንጋ፣ አንተ አልዋሸህም። እነዚያ ፈረንጆች ናቸው የዘገዩት። አንተን የመሰለ ሰው ቢያገኙ እነሱም ይታረቁ ነበር!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ሎኦ! ሎኦ!" አሉ አዛውንቱ፣ መልካም ነው ማለታቸው ነው። ጋሽ ሾንጋ ግንባሩን ይዞ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። የእንሰቱ ጓሮ ያን ዓመት አብሮ ተቆፈረ። ዛሬ ስልክ የደወለችልኝም የሳሙኤል ልጅ ናት። አባቷና አጎቷ ለቀብሩ በአንድ መኪና እየወረዱ ነው።

ጋሼ፣ አንተን አንድም ቀን ቁጭ ብለህ ፊልም ስታይ አላየሁህም። ሁልጊዜ ቆመህ፣ ላብህ እየወረደ፣ ለሌላው ነበር የምታየው። አሁን ግን እዚያ በጌታ ዘንድ የሚተረጎም ነገር የለም፣ ሁሉም ሰው ይሰማል። በል ፊት ወንበር ላይ ቁጭ በልና የፈለግኸውን ያህል እይ። ለእኔም አጠገብህ ቦታ ያዝልኝ።

ደህና ሁን፣ ጋሽ ሾንጋዬ።