ሳያልቅ የማይታጠበው ፊልም

የአባቴን ካሜራ ከቆዳ ማኅደሩ ሳወጣው የሸተተኝ የድሮው ቫናችን ነው፤ በፀሐይ የጋለ ወንበርና የከረመ ማስቲካ። አባቴ ከሞተ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ያለውን የወላጆቼን ቤት ቁም ሳጥን እያጸዳሁ ነበር። ማልቀስ በነበረብኝ ጊዜ ሁሉ ዕቃ ስለይ ነው የከረምኩት። የካሜራው ቆጣሪ ጥቂት ፎቶ እንደቀረው ያሳያል። ውስጡ ፊልም አለ ማለት ነው።

አባቴ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ግሬፕቫይን ከተማ ሆቴሎች የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ርካሽ ፊልም አጣቢ ፍለጋ ደግሞ ሁለተኛ ሥራው ነበር ማለት ይቻላል። የሰፈራችን ፋርማሲ በአንድ ሰዓት አጥቦ ይሰጣል፣ ግን ይወደዳል፤ በፖስታ የሚላከው ርካሽ ነው፣ ግን ፎቶው እስኪመጣ እኛ እናድጋለን። በመጨረሻ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለተኛውን ኮፒ በነፃ የሚሰጥ ሱቅ አገኘና አንዱ ለእኛ፣ አንዱ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ሆነ። የቤታችን ሕግ አንድ ነበር፤ ፊልም ሳያልቅ አይታጠብም። ስለዚህ የእህቴ የፊት ጥርስ በአንድ ፊልም ውስጥ ወልቆ በቅሏል። "ቀጥ በሉ! ዶላር ነው እኮ!" እያለ አባቴ ትንፋሻችንን አስይዞን ቁልፉን ይጫናል። እሱ ራሱ ሁሌም ከካሜራው ኋላ ስለሆነ አንድም ፎቶ ላይ የለም። ለቀብሩ ያጎላነው የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ የተቀጣ ተማሪ ይመስላል።

እናቴ ካሜራውን ስታይ ተቀመጠች።

"ሐይቁ ጋ ለሽርሽር የሄድን ቀን እኔ አንስቼዋለሁ፣ ሲስቅ! እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ኮል አድርግና የሚያጥብ ፈልግልኝ፤ ውድ እንዳይሆን ግን።"

እኔም ትዝ አለኝ። አባቴ ካሜራውን ለእሷ ያቀበለው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ዲጂታል ተገዛ፣ ይሄኛው ፊልም ሳያልቅ ቀረ፣ ሕግ ሕግ ነውና ሳይታጠብም ቀረ።

ፋርማሲው ዛሬ ፊልም የሚያሳጥበው ሌላ ስቴት ልኮ ነው፤ ፊልሙንም አይመልስም። ፍሪስኮ ከተማ ያለው ፎቶ ቤት የጠራልኝን ዋጋ አባቴ ቢሰማ ቫኑን አዙሮ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ዳላስ ውስጥ ወጣቶች የከፈቱት ትንሽ ሱቅ አገኘሁ። ልጁ ካሜራውን ብርሃን በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ከትቶ በእጁ ሲዳስስ ቆየ፤ ከዚያ አውጥቶ፣ ከፍቶ አሳየኝ። ፊልሙ ሲገባ ጫፉ በሚጠቀልለው ዘንግ አልተያዘም ኖሯል። ቆጣሪው ይቆጥራል እንጂ ፊልሙ አልተንቀሳቀሰም፤ እንደተገዛ ባዶ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ቀጥ ብለን የቆምነው በከንቱ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሐዘኑ እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም፣ ስለዚህ ሞተር አስነሳሁ።

ለእናቴ ነገርኳት።

"ፊልሙን ያስገባው እኮ ራሱ ነው" አለች። ቀጥላም "ስንት አስከፈሉህ?"

"ምንም።"

"እሱ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።"

ከዚያ ፎቶውን ትነግረኝ ጀመር፤ ነጭ ሸሚዙን፣ ፀሐይ ያጨፈነውን ዓይኑን፣ ጥርሱን። እያዳመጥኳት ፊቱን በዓይነ ሕሊናዬ ለማምጣት ሞከርኩ። እኔ ጋ የቀረው ካሜራው ቀጭ ሲል የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው።