ራዲዮ ያላወራችው ቁስል

እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ሰው ሁሉ ረስቶት «ራዲዮ» ነው የሚላት። ራዲዮ እንኳ ባትሪው ሲያልቅ ዝም ይላል፤ እሷን እንቅልፍም አይዘጋት ይሉ ነበር። በዚያ ሠፈር ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱ ላይ ምን እንደሚቀላቅል፣ የማን ሚስት በማን ጓሮ እንደወጣች፣ የአናጢው ጥርስ የራሱ እንዳልሆነ መጀመሪያ የተሰማው ከእሷ አፍ ነው። የሰማችው ላይ ጨምራ እንጂ ቀንሳ አታውቅም። አናጢው ያስተከለው አንዲት ጥርስ ነበር፤ ወሬው መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ሲደርስ ግን መንጋጋው በሙሉ ከእንጨት የተጠረበ ሆነ፤ ያውም በገዛ እጁ።

እንጀራዋ ግን ሬሳ ማጠብ ነበር። ወንዱንም ሴቱንም ታጥባለች፤ ሌላ የሚደፍር ስላልነበረ ማንም «ለምን?» አላላትም። ሰው ሲሞት ለብ ያለ ውሃ በባልዲ፣ ጥጥና ነጭ ጨርቅ ይዛ ትገባና በሩን ከውስጥ ትቀረቅረዋለች። ከዚያ በር ወዲያ ያየችውን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ያ ሁሉ ወሬ የሚፈልቅበት አፍ ለሬሳ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይዘጋል። ምክንያቷን ሲጠይቋት፣ በቁሙ ያለ ሰው ሳማው ይሰድበኛል፣ ይከሰኛል፣ እኩል ነን፤ ሬሳው ግን ምን ብሎ ይመልስልኛል ትል ነበር።

ከእሷ ግድግዳ ማዶ አንዲት መበለት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። በመሃላቸው ባለው የጡብ አጥር ላይ አንድ ጡብ ወድቆ ቀዳዳ ተፈጥሯል፤ በዚያ ቀዳዳ ክብሪትም፣ ሽንኩርትም፣ ወሬም ያልፋል። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁለቱ ሴቶች እህትማማች ቢሆኑ እንኳ እንዲያ አይዋደዱም ነበር።

ልጁ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኞቹ የሌሊት ፈረቃ ይቅርልን ብለው በር ላይ ተሰበሰቡ፤ ዘበኞቹ ተኮሱባቸው። ከተኩሱ በኋላ የጥጡ መጋዘን ተቃጠለ፤ ማን እንደለኮሰው የሚያውቅ አልተገኘም። ጭሱን ሁሉም አይቷል፣ ተኩሱንም ሁሉም ሰምቷል፤ ማውራት የሚቻለው ግን ስለ ጭሱ ብቻ ነበር።

በዚያ ቀን ልጁን ጨምሮ ጥቂት ሠራተኞች ሞቱ። ልጁን እስከ አንገቱ በፋብሪካው አቡጀዲ ጠቅልለው አመጡት። ያመጡት ሰዎች እሳት ነው የገደለው፣ ዛሬውኑ ይቀበር ብለው ሄዱ። ራዲዮ በሩን ዘጋችና ፈታችው። የተቃጠለ ሰው አጥባ ታውቃለች፤ ይህ ልጅ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተለበለበም። ከግራ ትከሻው አጥንት በታች፣ ከጀርባው፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። በጥጥ ደፈነችው፤ እንደማንኛውም ሬሳ አሳምራ ገነዘችው። እናቱ ፊቱን ብቻ አየች፣ ግንባሩን ሳመች። አልጠየቀችም። ራዲዮም አልተናገረችም።

ዓመታት አለፉ፤ እሳቱም እንደ ራዲዮ ወሬ እያደር ወፈረ። መጀመሪያ እሳት ገደላቸው ተባለ። ቀጥሎ እሳት ሲያጠፉ ሞቱ ሆነ። ኋላም ፋብሪካው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲያገኝና ግድግዳው ነጭ ሲቀባ፣ ማሽኖቹን ለማዳን ነበልባል ውስጥ የገቡ ጀግኖች ተባሉና በእብነ በረድ ተቀረጸላቸው። ዘበኞቹ ከታሪኩ ውስጥ ሹልክ ብለው ወጡ፤ ደጁን እንኳ ሳይዘጉ።

እናትየዋ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ድሮ ቤቷን በፍርሃት አልፈው የሚሄዱ ሰዎች አሁን ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። በስብሰባ ላይ የፊት ወንበር ይሰጧታል። የደስታዋን ነገር ራዲዮ በየቀኑ በቀዳዳው ትሰማ ነበር።

እብነ በረዱ የሚሰቀለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ቄሱ ጥላውን የሚፈራ ደግ ሰው ነበር፤ እምቢ ማለት አይችልም፣ እሺ ብሎም መተኛት አልቻለም። ስለዚህ በእግዚአብሔር ቤት የሚሰቀል ቃል ምስክር ያስፈልገዋል፣ ያጠበችው ሴት እሑድ በጉባኤው ፊት ትናገር አለ። እሷ አዎ ብትል እሱ እንቅልፉን ያገኝ ነበር።

ቄሱ ይህን ባለ ዕለት እናትየዋ ራዲዮን በቀዳዳው ጠራቻት።

«እሳት ነው በይ። አንዲት ቃል ናት፣ በሞቴ።»

ራዲዮ ጨርቅ እያጠበች ነበር። መጭመቋን ቀጠለች።

«ስሚኝ እንጂ። ዘበኞቹ እንደሆኑ ሞተዋል፣ አለቃቸውም አገር ለቋል። ማንን ልትከሺ ነው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ? ዕድሜሽን ሙሉ በሰው ሁሉ ላይ ስትጨምሪ ኖረሽ፣ ለኔ ልጅ ሲሆን ጨው አለቀብሽ?»

ራዲዮ ጨርቁን ገመድ ላይ አሰጣችው። እውነትም ነበር እናትየዋ ያለችው፤ ውሸት ለእሷ የዘወትር ልብስ ነው፤ አንድ ጊዜ ለወዳጅ ብትለብሰው ማን ይታዘባታል?

ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ አጠበች። እያጠበችም ከልጅነቷ ጀምሮ የሚገርማት ነገር ትዝ አላት። ጌታ ከመቃብር ሲነሣ ቁስሉን ይዞ ነው የተነሣው። ያ ሬሳ በእጇ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሚስማሩን በጥጥ ደፍና፣ የጎኑን አጥብቃ አስራ፣ ምንም እንዳልነካው አድርጋ ትገንዘው ነበር፤ ሙያዋ ነዋ። ሞትን ያሸነፈ ቆዳ መግጠም አቅቶት አይደለም። እያወቀ ተወው። ለተጠራጠረው ወዳጁም ገልጦ አሳየው፣ እጅህን አግባ አለው። የገደሉትን ለመበቀል ሰው አላነሣሣበትም፤ ግን አልተወጋሁም አላለም። እሱ በክብሩ ላይ ያልሸፈነውን እኔ ምን አግብቶኝ በእብነ በረድ እሸፍናለሁ አለች ለሽማግሌው። ሽማግሌው እንደ ደንበኞቿ ሁሉ አልተከራከራትም። እስከዛሬ ዝም ብላለች፤ ዝም ባለችበት ባዶ ቦታ ግን ሌሎች ሐውልት አቆሙበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ጠየቃት። የፋብሪካው ሰዎች ፊት ተቀምጠዋል፤ እናትየዋም አብራቸው፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ራዲዮ። «እሳት አልነካውም። በጥይት ነው የሞተው።»

ምንም አልጨመረችም። በሕይወቷ እንዲያ አጭር ነገር ተናግራ አታውቅም። ከዚያ ከኋላ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ራዲዮ ጣቢያ ቀየረች» አለ፤ አጠገቡ ያለው ሳቀ፤ ሳቁ ወንበር ለወንበር እየዘለለ ፊት ደረሰ። ሥራ አስኪያጁም ፈገግ አለ። ሁሉንም ያሳረፋቸው ያ ሳቅ ነበር። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቄሱ ወለሉን ያያል፣ እናትየዋ ራዲዮን።

እብነ በረዱ ግን ምስክር አጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ቀረ። ፋብሪካው በር ላይ ሰቀሉት፤ ሠራተኞቹ የወደቁበት ቦታ ላይ ማለት ነው። እስከ ዛሬ አለ፤ በዓመት አንዴ አበባ ይቀመጥበታል።

ራዲዮን ከዚያ ወዲያ ለሬሳ የሚጠራት ጠፋ። የሞተን ሰው ገመና ለአደባባይ አወጣች ተባለ፤ ከስንት ዘመን ወሬዋ ሁሉ ያስቀየማቸው ይህቺ እውነት ሆነች። ባልዲውን ገልብጣ ትቀመጥበት ጀመር። ቀዳዳውንም እናትየዋ በጡብና በጭቃ ደፈነችው። አደፋፈኗ ያማረ ነበር፤ ከራሷ ከራዲዮ የተማረች ይመስል።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ራዲዮ በረንዳ ተቀምጣ ሳለ ጭቃው ተፋቀ። ጡቡ በእሷ በኩል ወደቀ። ከቀዳዳው ፊት አልወጣም፤ የወጣው የተሸበሸበ፣ ባዶ እጅ ነው።

«የቱ ጋ ነው የመታው?» አለ ድምፁ።

ራዲዮ ተነሣች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተጠጋችና እጁን ይዛ ከግራ ትከሻዋ በታች አሳረፈችው።

እጁ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

«በጀርባው?»

«በጀርባው።»

«እየሮጠ ነበር ማለት ነው።»

«ይመስለኛል።»

ወዲያ ማዶ ትንፋሽ ተሰማ። «ወደ ቤት ነበር የሚሮጠው? ወደ እኔ?»

ለአናጢው ሙሉ የእንጨት መንጋጋ የሰጠችው ሴት ናት። እዚህ ላይ አንድ ቃል ብትጨምር ማንም አይጎዳም፤ የጠየቀቻት የምትወዳት፣ የናፈቀቻት ጎረቤቷ ናት። አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

«ያንን አላየሁም፣ እህቴ። ያየሁት ቁስሉን ብቻ ነው።»

እጁ ይሰበሰባል ብላ ጠበቀች። አልተሰበሰበም። ጣቶቹ በቀሚሷ ላይ ቀስ እያሉ መፈለግ ጀመሩ።

«እንደገና አሳዪኝ» አለች እናትየዋ። «እዚህ ጋ?»

«ትንሽ ዝቅ በይ» አለች ራዲዮ።