«ወንድሙ ነኝ» ብሎ የፈረመው ሰው

በዚህ ከተማ ሎኒ ቲግን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ሲያከፋፍል ደረቱ ላይ «ቲግ» የሚል ስም ተሰፍቶለት ነበር፤ ባለሱቆቹ ግን ገና መኪናውን ሲያዩ «ሃርጊስ መጣ!» ነበር የሚሉት። አይፈረድባቸውም። ሎኒና ቨርሎን፣ የሃርጊስ ወንድማማቾች፣ በሰሜንም ሆነ በደቡብ ካሮላይና እንደነሱ የተጨበጨበለት የሬስሊንግ ጥንድ አልነበረም።

ወንድማማቾች ግን አልነበሩም። የአክስት ልጆች እንኳ አልነበሩም! ሎኒ የዚሁ ከተማ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ቨርሎን ፕሩት ደግሞ ከተራራው ማዶ የመጣ የትምባሆ ገበሬ ልጅ። አንዱ ቀይ ጸጉር፣ አንዱ ጥቁር። ግጥሚያ የሚያዘጋጀው ሚስተር ጎርሊ አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመና ከላይ እስከ ታች አይቷቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ» አላቸው። በዚያው ቀን በሎኒ ወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ከአንድ ጠርሙስ ቀለም ጸጉራቸውን ወርቅ አስመሰሉ። አለቀ፣ ተወለዱ።

በዚያ ዘመን ሬስሊንግ አስቀድሞ የተጠና ትርዒት መሆኑ ምስጢር ነበር፤ ምስጢሩ የሚጠበቀውም ሪንግ ላይ ብቻ አልነበረም። በሕዝብ ፊት ጠላትህ ከሆነ ሰው ጋር አንድ መኪና ውስጥ ከታየህ እንጀራህ ተዘጋ። ወንድም ነኝ ካልክም ቤንዚን ማደያ ወንድም ነህ፣ ጸጉር ቤት ወንድም ነህ፣ ቤተ ክርስቲያንም ወንድም ነህ። የሎኒ እናት ስትቀበር ቨርሎን ፊት ወንበር ላይ ከልጆቿ እኩል ተቀምጦ ነበር። ያለቀሰው ግን ከልቡ ነው፤ ሴትዮዋ ስንት እሑድ ዶሮ ጠብሳ አብልታዋለች።

ሎኒ ተጋጣሚውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይቆማል፤ ቨርሎን ማዕዘኑ ላይ ወጥቶ፣ ከላይኛው ገመድ ተወርውሮ፣ ሎኒ የተሸከመውን ሰው መትቶ ይጥለዋል። ይቺን ነገር የፈለሰፏት እነሱ ናቸው። ዛሬ ቴሌቪዥን ብትከፍቱ አንዱ ጥንድ ሲሠራት ታያላችሁ፤ ስሟም እስካሁን «ሃርጊስ» ነው። ቨርሎንን የሰበረችውም ይቺው ናት።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የነጻነት በዓል ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቤዝቦል ሜዳ መሃል ሪንግ ተተክሎ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቨርሎን ከገመዱ ሲነሳ እግሩ አዳለጠው። ሰውየውን ስቶ በአንገቱ ወደቀ። እየተንፈራገጠ «ሎኒ! ሎኒ!» ይላል። ሎኒ በሆዱ «አቤት፣ ዛሬስ አሳመረው!» አለ። መጮህ ሥራቸው ነዋ! ተመልካቹ እንዲያብድ ደግሞ ሎኒ ራሱ ጸጉሩን እየነጨ ሪንጉን ዞረ፣ ዳኛውን አንቆ ያዘ፣ ተጋጣሚዎቹን አባረረ። አራት ደቂቃ ሙሉ። ተመልሶ ሲያጎነብስ የቨርሎን ከንፈር አመድ መስሏል።

እስከዚህ ያለው ጥፋት ይሁን፤ ማንም ሬስለር ሊሳሳተው የሚችል ስሕተት ነው። ሎኒን እንቅልፍ የነሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ተከትሎ የመጣው ሕዝብ መጠበቂያውን ሞልቶታል። ቨርሎን በማደንዘዣ ራሱን አያውቅም። ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣችና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሙ ነህ አይደል?» አለችው።

የቨርሎን ቦርሳ ሎኒ ኪስ ውስጥ ነበር። ቦርሳው ውስጥ የእውነተኛ እህቱ የአይደላ ስልክ አለ፤ የምትኖረው አርባ ደቂቃ ብትርቅ ነው። አላወጣውም። አርባ ዓይን እያየው ነው፤ «አይ፣ ወንድሙ አይደለሁም» ካለ ምስጢሩ አለቀለት፣ እንጀራውም አብሮ። እናም አፉን ሞልቶ፣ «እንዴ! ያንድ እናት ልጆች ነን እንጂ!» አለ።

«እንግዲያው ፈርም» አለችው። የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ሐኪሙ አሁኑኑ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ሄዶ ቀዶ ጥገና ይደረግለት ይላል፣ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ግን አይሆንም። ሎኒ «አንዴ» ብሎ ለሚስተር ጎርሊ ደወለ። ሚስተር ጎርሊ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ጮኸበት፤ «ትልቁ ከተማ ከሄደ ጋዜጠኛ ይወረዋል፣ ማንነታችሁ ይወጣል! የቅዳሜው ግጥሚያ ትኬት ተሸጧል! አንገቱን ደግፈው እዚያው ያስተኙት፣ ጎረምሳ ነው፣ ይድናል።» ሎኒ ተመለሰ። «እንጠብቅ» ብሎ ፈረመ። ሎኒ ሃርጊስ፣ ወንድም።

በሁለተኛው ቀን የቨርሎን ግራ እጅ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን አይደላ ከሬዲዮ ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ በሩ ላይ «የሚገባው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ወንድሙ አብሮት አለ» ብለው መለሷት። የገዛ እህቱን! ያን ቀን አይደላ ለሎኒ የሰጠችው ጀርባ እስካሁን አልዞረም። ወረቀቱን ማን እንደፈረመ ግን እሷም አታውቅም፣ ቨርሎንም አያውቅም። ሐኪሞቹ ዘገዩ፣ በቃ፣ ዕድል ነው፤ ቨርሎን እንዲህ ብሎ ነው የኖረው። ሚስተር ጎርሊማ በወሩ ሌላ «ወንድም» አምጥቶ ጸጉሩን ቀባው። እናታቸው የማትነጥፍ ሴት ነበረች።

ሎኒ በየሳምንቱ ሐሙስ ቨርሎን ቤት ይሄዳል። ሣር ያጭዳል፣ የተጠበሰ አሣ ይዞ ይሄዳል፣ ግራ እጁ ለማይሠራው ሰው የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ይከፍታል። ጎረቤት «እንዲህ ነው ወንድም!» ሲለው አንገቱን ደፍቶ ማጨዱን ይቀጥላል። ከቨርሎን ጋር የምትኖረው አይደላ ግን የሎኒን መኪና ስትሰማ በጓሮ በር ትወጣለች።

ዘንድሮ የከተማው አዳራሽ የድሮዎቹን ጥንዶች ሊያከብር ተነሳ። ያዘጋጁት ሁለት ሴት ሬስለሮች ናቸው፤ የሊድፎርድ እህትማማቾች ይባላሉ፣ ካሲዲና ማርሊ። በሃርጊሶች ነው ያበድነው የሚሉ፣ «ሃርጊስ»ንም ከማንም አሳምረው የሚሠሩ። ቨርሎን ንግግር እንዲያደርግ ጠየቁት። ሰውየው በደስታ ልጅ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ሎኒ አሣውን ገና ሳያስቀምጥ ቨርሎን ወረቀት ዘረጋለት።

«ቁጭ በል፣ ላንብብልህ። ሳቅ ብትል ወዮልህ! ‹እጄን ሳጣ ማንንም አልወቀስኩም። ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ አጠገቤ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም።› እ? ያስለቅሳል አይደል?»

«እሱን አታንብብ» አለው ሎኒ።

«ለምን? በዛ እንዴ?»

«ቨርሎን፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

ሎኒ ነገረው። ነርሷን፣ ስልኩን፣ ትኬቱን፣ ወረቀቱን፤ አንዱንም አላስቀረም። እየተናገረ እንባው በአሣው ከረጢት ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀና ብሎ ለማየት ግን አልደፈረም። ስንት ዓመት በልቡ ሲለማመደው «ይቅር በለኝ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይቀድም ነበር፤ አሁን ሲደርስ አፉ እምቢ አለው።

ቨርሎን ወረቀቱን በቀኝ እጁ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «የአይደላ ስልክ ኪስህ ነበር?»

«ነበር።»

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት እመጣለሁ» አለ ቨርሎን። «አሁን ሂድ። አሣህንም ይዘህ ሂድ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ቨርሎን መጣ፤ ያመጣችው አይደላ ናት፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሪንጉ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ ቆሞ «ሃርጊስ! ሃርጊስ!» አለ። ሎኒ፣ ቨርሎን ይቅር ይበለው ያዋርደው አያውቅም፤ ብቻ ዛሬ የሚመጣበትን ሁሉ ሊቀበል ቆርጧል።

ቨርሎን ማይኩን በቀኝ እጁ ያዘ። ወረቀት አላወጣም።

«እኔ ሃርጊስ አይደለሁም» አለ። «ቨርሎን ፕሩት እባላለሁ። ይሄ ሰው ወንድሜ አይደለም። ወንድሙ ነኝ ብሎ ፈርሞ እጄን ያስበላኝ እሱ ነው። እህቴ ያቻትና፣ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ የመለሷት።»

አዳራሹ ፈነዳ። «ከሃዲ!» «ኧረ ወንድሙን ካደው!» «በለው ቨርሎን!» ሰው በደስታ ወንበር ላይ ወጣ። የሃርጊስ ወንድማማቾች ከአርባ ዓመት በኋላ ሊጣሉ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትርዒት አለ! አንዷ አሮጊት ፋንዲሻዋን ሎኒ ላይ ወረወረች፣ እየሳቀች።

ሎኒ ማይኩን ነጠቀ። «እውነቱን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ስሙ እንጂ፣ የሚላችሁ ሁሉ እውነት ነው! እጁን ያሳጣሁት እኔ ነኝ!»

ባሰባቸው። ጣሪያው እስኪነቀል አፏጩ። አንዱማ «እንዴት ያለ ክፉ ሆነ በናታችሁ!» እያለ ጓደኛውን ይደቃል።

ቨርሎን ሕዝቡን አየ፣ ሎኒን አየ። በሕይወቱ አንዴ የገዛ ስሙን ለሰው ሊናገር ቢወጣ፣ የሰማው የለም። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሟሸሸ፤ ደክሞት ብቻ ቀረ። በገመዱ መሃል ሾልኮ ወረደ። አይደላ ክንዱን ያዘችው፣ እየተጨበጨበላቸው ወጡ። ሎኒ ሮጦ በር ላይ ሲደርስ መኪናዋ መንገዱን ይዛለች።

እዚያው በር ላይ እንደቆመ የሊድፎርድ እህትማማቾች እያለከለኩ ደረሱበት።

«ጋሽ ሎኒ! ምን ጉድ ነው የሠራችሁት! ጸጉሬ ነው የቆመው!» አለች ካሲዲ። «ለምን አልነገራችሁንም? ግጥሚያው መቼ ነው?»

«ግጥሚያ የለም፣ ልጄ። የሰማሽው ሁሉ እውነት ነው።»

«ገባን፣ ገባን» አለች ማርሊ፣ በአንድ ዓይኗ እየጠቀሰችው።

ሎኒ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። አንዷ ከባሕሩ ዳር፣ አንዷ ከተራራው የመጡ መሆናቸውን አወራራቸው ይናገራል፤ ጸጉራቸው ግን አንድ ዓይነት ሐምራዊ ነው።

«ካሲዲ፣ የምጠይቅሽን በደንብ መልሺልኝ» አላት ክንዷን ጨብጦ። «ዛሬ ማርሊ በአንገቷ ብትወድቅ፣ የእናቷን ስልክ ታውቂያለሽ?»

ካሲዲ ሳቋን ዋጠች። በዓይኗ ግራና ቀኝ ቃኘች። ሦስት ተመልካቾች ለፊርማ ወረቀት ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል። ፊቷን ፈታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«የእናታችንን ማለትዎ ነው?» አለችው።